ሽማግሌ ይለምናል፣ የግልግል ዳኛ ይፈርዳል

በአገራችን «ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው የለም። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ወንድማማቾች በውርስ ቢካሰሱ፣ የጎረቤት በሬ የሰው አዝመራ ቢበላ፣ ጉዳዩ ከዳኛ ፊት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ሽማግሌው ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ ይለምናል። ተበዳዩ «እንቢ» ያለ እንደ ሆነ ግን ነጠላውን አጣፍቶ ከዛፉ ጥላ ሥር ተነሥቶ ይሄዳል፤ እጁን ይዞ የሚያስቀምጠው ኀይል የለም። ይህን እያየን ስላደግን፣ በአንድ ውል ግርጌ «ክርክር ቢነሣ በግልግል ዳኞች ይታያል» የሚል ቃል ተጽፎ ስናገኝ፣ ያው የለመድነው ሽምግልና ይመስለንና ሳንጨነቅ እንፈርማለን።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። በዚያች አንዲት መስመር ላይ ፊርማውን ያኖረ ሰው በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ክስ ቢመሠርት፣ ባላጋራው ውሉን አውጥቶ «ወደ ተስማማንበት ዳኛ ይመለስልኝ» ለማለት መብት አለው፤ ፍርድ ቤቱም ይመልሰዋል። ሽምግልና በፈቃድ ገብተው በፈቃድ የሚወጡበት ቤት ነው። የግልግል ዳኝነት ግን በፈቃድ የሚገቡበት፣ አንዱ ብቻውን እንደ ፈለገ የማይወጣበት ቤት ነው። ተማሪው ነገ የቤት ኪራይ ውል ይፈርማል፤ አዲሱ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊም ከደመወዙ ቆጥቦ ከጓደኛው ጋር አንዲት ሱቅ ሊከፍት ያስባል። ስለዚህ ይህን ልዩነት ከመፈረሙ በፊት ቢያውቀው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

እኔ ነገሩን በመጀመሪያ የተማርሁት ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከአጎቴ ጉዳይ ነው። አጎቴ የአንዲት አይሱዙ የጭነት መኪና ባለቤት ናቸው። መኪናዋን የገዟት ግማሹን በቁጠባ፣ ግማሹን በብድር ስለ ሆነ፣ ወር በመጣ ቁጥር የሚከፈል ዕዳ አለባቸው። በ2014 ዓ. ም. በጥር ወር ከአንድ የእህል ነጋዴ ጋር ተዋዋሉ። ነጋዴው ባዕድ አይደሉም፤ የአጎቴን ሁለተኛ ልጅ ክርስትና ያነሡ አበልጃቸው ናቸው። የውሉም ቁም ነገር፣ አጎቴ ከአሰላ ስንዴ እየጫኑ አዲስ አበባ ከነጋዴው መጋዘን ሊያደርሱ፣ ነጋዴውም የተጫነው ኩንታል እየተቆጠረ ኪራዩን በየወሩ መጨረሻ ሊከፍሉ ነበር።

ውሉን የጻፈላቸው ከፍርድ ቤት አጥር ሥር በላስቲክ ጥላ የሚቀመጥ ራፖር ጻፊ ነው። ይህ ሰው ለሁሉም አንድ ዐይነት ውል አለው፤ ስሙን፣ ዕቃውንና ገንዘቡን ብቻ እየለወጠ ይጽፋል። በመጨረሻ ሲያነብላቸው ከአንድ ቁጥር ላይ ደረሰ፦ በዚህ ውል ምክንያት የሚነሣ ማናቸውም ክርክር ተዋዋዮቹ በሚመርጧቸው የግልግል ዳኞች ይታያል፣ የሚል።

«ይህ ደግሞ ምንድር ነው?» ብለው አጎቴ ጠየቁት።

«ብትጣሉ በሽማግሌ ትታረቃላችሁ ማለት ነው» አላቸው።

«እኔና አበልጄን ምን ያጣላናል!» አሉና ሁለቱም ሥቀው ፈረሙ። ምስክሮቹም ፈረሙ። ከዚያም አንድ ቤት ገብተው ቡና ጠጡ።

ያጣላቸው የሐምሌ ዝናብ ነው። አንድ ሌሊት የመጣ ጭነት መጋዘኑ ደርሶ ሲራገፍ ከፊሉ ስንዴ ረጥቦ ተገኘ። ነጋዴው «የመኪናህ ሸራ ቀዳዳ ነው» አሉ፤ አጎቴ «የአንተ መጋዘን ጠባቂ ሁለት ሌሊት ሙሉ ሳያራግፍ ከደጅ አቆመኝ» አሉ። ነጋዴውም የሦስት ወር ኪራይ፣ 186 ሺህ ብር፣ «የስንዴዬ ካሣ ነው» ብለው ያዙ። የመኪናዋ ዕዳ ግን የአበልጅ ጠብ አያውቅም፤ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። አጎቴ ሁለት ወር ከዘመድ ተበድረው ከፈሉ። በሦስተኛው ወር አክስቴ የአንገት ሐብሏን ሸጠች። ዘመድ ሽማግሌ ልላክ ቢል አጎቴ «የወለድሁትን ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰው እንዲህ ካደረገኝ ከእንግዲህ የሚያነጋግረን ዳኛ ብቻ ነው» ብለው እንቢ አሉ። በ2015 ዓ. ም. በጥቅምት ክስ መሠረቱ።

በቀጠሮው ቀን እኔም ከመሥሪያ ቤቴ አስፈቅጄ ተከትያቸው ሄድሁ። የነጋዴው ጠበቃ ባቀረበው ጽሑፍ ስለ ስንዴውና ስለ ሸራው ከመናገሩ በፊት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ብሎ ያቺን ቁጥር ጠቀሰ። ዳኛዋ ውሉን ተቀብለው አነበቡና ወደ አጎቴ ዞሩ።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነውን?»

«የእኔ ነው፣ ክብርት ሆይ።»

«ሲፈርሙ ያስገደደዎት፣ ያታለለዎት ሰው አለን?»

«ማን ያስገድደኛል! ወድጄ የፈረምሁት ነው።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ብይኑ ተነበበ። ፍርድ ቤቱ ተዋዋዮቹ ክርክራቸውን ለግልግል ዳኞች ለመስጠት በጽሑፍ ስለ ተስማሙ፣ ጉዳዩን አላይም፣ ወደዚያው ይሂዱ ብሎ መዝገቡን ዘጋ። አጎቴ ከግቢው እስክንወጣ ድረስ አልተናገሩም። ከበሩ ላይ ቆሙና «ሰማህ ወይ፣ ልጄ! መንግሥት ዳኛ አለው ብዬ ብመጣ ዳኛዋ ወደ ሽማግሌ መለሱኝ። ሽማግሌ ብፈልግ ኖሮ ቤቴ ድረስ ሲመጡ መቼ እመልሳቸው ነበር?» አሉኝ። የምመልስላቸው ቃል ስላልነበረኝ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ሕጉን አንብቤ ልምጣ» አልኋቸው።

በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ከቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ያነበብሁትን አሳጥሬ ላቅርብ። በ1952 ዓ. ም. የታወጀውና ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ እኛ በአንድ ቃል «ሽምግልና» እያልን የምንጠራውን ነገር ለሁለት ከፍሎት ነበር። አንደኛው አስታራቂ ነው። አስታራቂው የሚያቀርበው የስምምነት ሐሳብ ባለጉዳዮቹ እንቀበላለን ብለው በጽሑፍ ካልገቡ በቀር አያስራቸውም። ሁለተኛው ከቁጥር 3325 እስከ 3346 የተጻፈለት ሰው ነው። እርሱ በባለጉዳዮቹ ተመርጦ፣ የሕግን ደንብ ይዞ፣ ክርክሩን ይቈርጣል። እንግዲህ ራፖር ጻፊው ለአጎቴ የነገራቸው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ በወረቀቱ ላይ የጻፈው ግን ሁለተኛውን ነበር።

ሕጉ ይህን ፊርማ ምን ያህል ከባድ አድርጎ ይመለከተው እንደ ነበር ከአንድ አንቀጽ መረዳት ይቻላል። በቁጥር 3326 እንደ ተደነገገው፣ ክርክርን ለግልግል ዳኛ ለመስጠት የሚችለው ያንን መብቱን ያለ ዋጋ፣ በነፃ ለሌላ ሰው ለመስጠት ችሎታ ያለው ሰው ነበር። ፍርድ ቤት የመሄድን መብት አሳልፎ መስጠት ስጦታ የመስጠትን ያህል ተቈጥሯል ማለት ነው። ቤቱን ለሰው በነፃ የሚሰጥ ሰው ሥቆ አይፈርምም፤ አጎቴ ግን ሥቀው ፈረሙ።

ቀጥሎም ቁጥር 3344 አለ። የግልግል ስምምነት የፈረመ ሰው ያንኑ ክርክር ወደ ፍርድ ቤት ቢወስደው፣ ወይም ዳኛ ለመምረጥ እንቢ ቢል፣ ወይም «ስምምነቱ አያስረኝም» ቢል፣ ምርጫው የሌላው ወገን ነው ይላል። ሌላው ወገን ቢፈልግ ስምምነቱ እንዲፈጸምለት ይጠይቃል፤ ቢፈልግ ደግሞ ለዚያ ክርክር ስምምነቱ እንደ ቀረ ቈጥሮ በፍርድ ቤት ይሟገታል። ይህ ሕግ በ2013 ዓ. ም. በወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ተተክቷል። ዋናው ሐሳብ ግን አልተለወጠም። በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት ካለና ተከሳሹ በጊዜው ካነሣው፣ ፍርድ ቤቱ ባለጉዳዮቹን ወደ ግልግል ይመልሳል። የሚተወው ስምምነቱ ዋጋ የሌለው ወይም ሊፈጸም የማይችል ሆኖ ሲያገኘው ነው።

«በጊዜው» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይበል። በ1958 ዓ. ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎችን ሲዘረዝር፣ ጉዳዩ በግልግል የሚታይ መሆኑን አንዱ አድርጎ ጽፎታል። ይህንንም መቃወሚያ በመጀመሪያው አጋጣሚ ያላነሣው ሰው እንደ ተወው ይቈጠራል። የነጋዴው ጠበቃ ስለ ስንዴው ሳይናገር ያቺን ቁጥር ያስቀደመው ስለዚህ ነው። በዋናው ነገር እየተሟገቱ ከቈዩ በኋላ፣ ፍርዱ ወደ ሌላው ሲያጋድል «ለካ የግልግል ውል ነበረን!» ማለት አይቻልም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በአሜሪካ በ1925 እ. ኤ. አ. ፕሬዚዳንት ኩሊጅ የፈረሙበት የፌዴራል የግልግል ሕግ፣ ውል አፍርሶ ወደ ግልግል አልሄድም ያለውን ሰው ፍርድ ቤት «ሂድ» ብሎ እንዲያዝዘው ይፈቅዳል። በ2022 እ. ኤ. አ. ደግሞ ለእኛም ትምህርት የሚሆን ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ደረሰ። አንዲት ሴት የታኮ ቤል ምግብ ቤቶችን በሚያስተዳድር ሰንዳንስ በሚባል ኩባንያ ውስጥ በሰዓት ክፍያ ስትሠራ ኖራ፣ የትርፍ ሰዓት ገንዘቤን ተነፈግሁ ብላ ከሰሰች። ኩባንያው ለሥራ ስታመለክት የግልግል ቃል አስፈርሟት ነበር። ነገር ግን ስምንት ወር ለሚሆን ጊዜ በፍርድ ቤት ሲሟገት ቈይቶ ነው «ወደ ግልግል ትላክልኝ» ያለው። የሥር ፍርድ ቤቶች፣ መዘግየቱ ሠራተኛዋን እንደ ጎዳት ካልተረጋገጠ ኩባንያው መብቱን አያጣም ይሉ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ይህን ደንብ ሻረ። የግልግል ውል እንደ ሌላው ውል ሁሉ ውል ነው፣ ከሌላው የበለጠ ልዩ ሞገስ አይፈጠርለትም አለ። በ2024 እ. ኤ. አ. በሌላ ጉዳይ ላይ ደግሞ፣ ባለጉዳይ ወደ ግልግል ሲላክና አንዱ ወገን መዝገቡ እንዲቆም ሲጠይቅ፣ መዝገቡ ይቆማል እንጂ አይዘጋም ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነ። እኛ ዘንድ ግን አጎቴ እንዳዩት መዝገቡ ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ አንድ ጥያቄ በአሳቤ ይመላለስ ጀመር። መንግሥት ዳኛ ሾሞ፣ ችሎት ከፍቶ ሳለ፣ ሰውን ካልፈለገው ዳኛ ዘንድ እንዲሄድ ማስገደድ ፍትሕ ነውን?

የአባቶቻችንን ልማድ ያስታወሰ ሰው መልሱ አያስቸግረውም። በጥንት ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ «በሕግ አምላክ!» ተባብለው ይቆሙና፣ የሚያልፈውን መንገደኛ ዳኛ አድርገው ያስቀምጡት ነበር። ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው አብረው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ እንደ ነበርም ይታወቃል። ቋጠሮው ከሳሽን ብቻ ወይም ተከሳሽን ብቻ አላሰረም፤ ሁለቱንም አስሯል። የግልግል ስምምነትም እንዲሁ ነው። የተፈረመው ሁለቱም ሰላም ሳሉ፣ ማን ከሳሽ ማን ተከሳሽ እንደሚሆን ባልታወቀበት ቀን ነው። ጠቡ ከመጣ በኋላ «ዛሬ አይጠቅመኝምና ልተወው» ማለት ቢቻል ኖሮ፣ ቃሉ የሚያስረው ጨዋውን ብቻ በሆነ ነበር። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት አባቶች ለዚህ ዐይነቱ ቀን ነው ያሉት። ፍርድ ቤቱ አጎቴን ሲመልሳቸው ፍትሕ መከልከሉ አልነበረም፤ የራሳቸውን ቃል መልሶ ማሰማቱ ነበር።

ነገር ግን የዚህ ሁሉ ጽድቅ የቆመው ቃሉ በእውነት በፈቃድ ተሰጥቶ እንደ ሆነ ነው። በእኩያና በእኩያ መካከል የተደረገው ሌላ፣ ጉልበተኛው አዘጋጅቶ ደካማው «እሺ» ከማለት በቀር ምርጫ ያጣበት ሌላ ነው። ስለዚህ ሕጉ ራሱ አጥር አጥሯል። የ1952ቱ ሕግ በቁጥር 3335፣ ዳኛ በመምረጥ ረገድ አንዱን ወገን ከሌላው የሚያስበልጥ ስምምነት ዋጋ የለውም ይል ነበር። «ክርክር ቢነሣ የእኔ ሥራ አስኪያጅ ይፈርዳል» የሚል ውል ግልግል አይባልምና። የ2013ቱ አዋጅ ደግሞ ወደ ግልግል የማይሄዱትን ጉዳዮች ዘርዝሯል። ፍቺ፣ ጉዲፈቻ፣ የወንጀል ነገር፣ ግብር፣ የመሬት ክርክር ከእነዚሁ መካከል ናቸው። በአሜሪካም በሥራ ቦታም ሆነ በሌላ ስፍራ የወሲብ ጥቃት ወይም ትንኮሳ ደረሰብኝ የሚል ሰው አስቀድሞ በፈረመው የግልግል ቃል እንዳይገደድ በመጋቢት 2022 እ. ኤ. አ. ሕግ ወጥቷል። በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ መስመር ስንቱን አፍ እንደ ዘጋ ካዩ በኋላ ያወጡት ሕግ ነው።

ያነበብሁትን ለአጎቴ በነገርኋቸው ጊዜ ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያው እርሱንም ያስረዋላ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን፣ ጋሼ፣ ሁለታችሁንም ነው» አልኋቸው። ይህ ጥያቄያቸው ቆይቶ ጠቀማቸው።

አጎቴ በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ ዘመን በጭነት መኪና የኖሩ አንድ ሰው ዳኛ አድርገው መረጡና ለነጋዴው በጽሑፍ አስታወቁ። ነጋዴው ግን «ወደ ግልግል ይሂድልኝ» ብለው በፍርድ ቤት ካሸነፉ በኋላ የራሳቸውን ዳኛ ሳይመርጡ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ዝም አሉ። የተያዘው ገንዘብ በእጃቸው ስለ ነበር መዘግየቱ አልጎዳቸውም። በዚህ ጊዜ አጎቴ ተመልሰው ፍርድ ቤት ሄዱ። አንዱ ወገን ዳኛ አልመርጥም ሲል ፍርድ ቤቱ በእርሱ ፈንታ ይሾማልና። የመጥሪያው ወረቀት በደረሳቸው በሳምንቱ ነጋዴው አንድ የእህል ንግድ አዋቂ ሰው መረጡ። ሁለቱ ዳኞች ተነጋግረው አንድ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ሰብሳቢ አደረጉ። ቋጠሮው ሁለቱንም እንዳሰረ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልናገር። ፍርድ ቤት ወደ ግልግል የላከውን ሰው ለዘላለም አላሰናበተውም። ዳኛ አልመርጥም ያለ ሲኖር ይሾማል፤ ንብረት እንዳይሸሽ እግድ ሲያስፈልግ ያግዳል፤ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላም አልፈጽምም ያለውን በአፈጻጸም ያስገድዳል። ዳኛው ያልተገባ ሥራ ቢሠራ ወይም ካልተሰጠው ሥልጣን ቢያልፍ ውሳኔው እንዲሻር አቤት የሚባለውም ለዚሁ ፍርድ ቤት ነው። ተዋዋዮቹ ካልተስማሙበት በቀር ግን ይግባኝ የለም። ከባድ የሕግ ስሕተት ሲኖር ወደ ሰበር መሄድ ይቻላል፤ ይህንንም ቢሆን ተዋዋዮቹ በውላቸው ሊያስቀሩት ይችላሉ። የሚፈርም ሰው ይህንንም አብሮ መፈረሙን ይወቅ።

ሦስቱ ዳኞች አራት ጊዜ ተሰበሰቡ። በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ትተው ከመጋዘኑ ሄዱ። የመኪናውን ሥራ የሚያውቁት ዳኛ ሸራውን አስዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃቸው ዳሰሱት፤ አንድ ስፍራ ላይ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ አገኙ። እህል ዐዋቂው ደግሞ የሚዛን ወረቀቶቹን ከመጋዘኑ መዝገብ ጋር አስተያዩና መኪናዋ ከደረሰችበት ቀን እስከ ተራገፈችበት ቀን ሁለት ሌሊት ማለፉን አረጋገጡ። የጠፋው ስንዴም ነጋዴው ካሉት ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ከረጠበው ብዙው ተሰጥቶ ደርቆ ተሽጧልና። በችሎት ቢሆን ኖሮ ለዚህ ሁሉ ምስክርና ባለሙያ እየተጠራ ስንት ቀጠሮ ይፈጅ እንደ ነበር እግዚአብሔር ይወቀው።

ውሳኔው ከ186 ሺህ ብር ላይ ስለ ሸራው ስንጥቅ 38 ሺህ ብር ተቀንሶ፣ ነጋዴው 148 ሺህ ብር ለአጎቴ ይክፈሉ የሚል ነበር። ለዳኞቹ ድካም የተቈረጠውን 18 ሺህ ብር ሁለቱ ወገኖች እኩል ተካፈሉ። የመንግሥት ዳኛ ደመወዙን ከባለጉዳዩ አይቀበልም፤ የግልግል ዳኛ ግን ከባለጉዳዮቹ ኪስ ይከፈለዋል። ይህም ከመፈረም በፊት መታሰብ ያለበት ወጪ ነው። ነጋዴው ገንዘቡን በወሩ ከፈሉ። አጎቴም የዘመዶቻቸውን ብድር መለሱ፤ የአክስቴ ሐብል ግን ተሽጦ ነበርና አልተመለሰም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ፣ ውል ሲቀርብልህ ከገንዘቡ ቁጥር ላይ ብቻ ዐይንህን አታሳርፍ። ወደ ግርጌው ውረድና «ክርክር ቢነሣ» የምትለዋን መስመር ፈልግ። ካገኘሃት ጥቂት ነገር ጠይቅ። ዳኞቹ ስንት ናቸው፣ ማን ይመርጣቸዋል፣ የት ይቀመጣሉ፣ ክፍያቸውን ማን ይችላል? ውሳኔያቸው የመጨረሻ ነው ወይስ ይግባኝ አለው? መልሱ ካልተመቸህ ከመፈረምህ በፊት መስመሯ እንድትታረም ወይም እንድትሰረዝ ተናገር፤ ያን ቀን መናገር ነውር የለውም። ከተመቸህ ደግሞ በደስታ ፈርም፤ ሥራውን የሚያውቅ ዳኛ በራስ ምርጫ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ከፈረምህ በኋላ የተከሰስህ እንደ ሆነ ግን፣ ግልግሉን የምትፈልገው ከሆነ፣ ከሌላ ነገር ሁሉ በፊት አስቀድመህ ጥቀሰው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የግልግል ዳኞቹ ገንዘቡን ቈረጡ እንጂ ሁለቱን ሰዎች አላስታረቁም፤ ያንን ያደርጉ ዘንድ የጠየቃቸውም የለም። አጎቴና ነጋዴው ከውሳኔው በኋላ አንድ ዓመት ያህል በመንገድ ሲተያዩ ፊታቸውን እየመለሱ ያልፉ ነበር። በ2016 ዓ. ም. የፋሲካ ሰሞን ነው ክርስትና የተነሣችው ልጅ ራስዋ ሁለት ሽማግሌዎችንና አንድ ቄስ ይዛ አባትዋ ቤት የመጣችው። በዚያ ቀን የተፈረመ ወረቀት አልነበረም፤ ያስገደዳቸውም የለም። አጎቴ ቢፈልጉ ተነሥተው ለመሄድ ይችሉ ነበር፤ አንድ ጊዜም ተነሥተው እስከ በሩ ድረስ ሄደዋል። ሽማግሌዎቹ ለመኑዋቸው፤ ልጅቱም ለመነቻቸው። ከበሩ ተመለሱና ተቀመጡ።